የኩሽኔታው ዋጋ የት ላይ ነው?

(ድምፅ፦ ሁለት ኩሽኔታዎች በየተራ በጣት ሲዞሩ። የመጀመሪያው ዝም ይላል፤ ሁለተኛው ይፈጫል።)

አሁን በማይክራፎኑ አጠገብ ያዞርኳቸው ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው። የመጀመሪያውን አልሰማችሁትም፤ ጤነኛ ኩሽኔታ ድምፅ የለውም። ሁለተኛው፣ ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ የሚፈጨው፣ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ ከአንድ ወጣት የተራራ ብስክሌት ላይ ያወጣነው ነው። የዛሬው ዝግጅታችን ስለ እሱ ነው፤ ስለሚያስወጣው ገንዘብም ጭምር።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ባተርስትና ሼፐርድ ጎዳናዎች አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ደወሉልኝና፣ "ወንድሜ፣ አንተ የብረት ነገር ታውቃለህ ብለውኛል፤ እስቲ አንድ ጉዳይ ላማክርህ" አሉኝ። ልጃቸው በክረምት ሥራ ሠርቶ ባጠራቀመው 900 ዶላር ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ገዝቷል። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ብስክሌቱ ከኋላ በኩል ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ልጁ ወደ አንድ ብስክሌት ቤት ቢወስደው፣ "የማጠፊያዎቹ ኩሽኔታዎች በሙሉ አልቀዋል፤ ለመቀየር ወደ 480 ዶላር ይፈጃል" አሉት።

"የብስክሌቱን ዋጋ ከግማሽ በላይ!" አሉኝ እናት። "ለጣት ቀለበት ለምታክል ብረት! ዘረፋ አይደለም ወይ?"

"ዘረፋ እንኳ ላይሆን ይችላል፣ እትዬ" አልኳቸው። "ግን እስካየው ድረስ አይክፈሉ።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ልጆቻችን እዚህ አገር የሚነዱት ብስክሌት እኛ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የምናውቀው ብስክሌት አይደለም። የእኛው አንድ ወጥ ቴላዮ፣ ሁለት ጎማ፣ አንድ ካቴና ነበር፤ ሲበላሽ መንገድ ዳር የተቀመጠ ጠጋኝ በመዶሻና በፒንሳ ይጨርሰዋል። የዛሬው የተራራ ብስክሌት ብዙ ጊዜ የኋላ አካሉ ከፊቱ ተለይቶ የሚንቀሳቀስ ነው። ጎማው ድንጋይ ወይም ሥር ሲመታ የኋላው ክፍል ወደ ላይ ይታጠፋል፤ መሐል ላይ ያለው አሞርዛተር ግፊቱን ተቀብሎ ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል። የኋላው ክፍል ከፊተኛው ጋር የሚገናኝበት እያንዳንዱ ቦታ እንደ በር ማጠፊያ ነው። በየማጠፊያው ውስጥ ደግሞ ኩሽኔታ አለ። እንደ አሠራሩ በአንድ ብስክሌት ላይ ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለትም ሊሆኑ ይችላሉ።

ኩሽኔታ የሚለውን ቃል ከጣሊያንኛ ነው ያገኘነው፤ እነሱ ዘንድ "ትንሽ ትራስ" ማለት ነው። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለምነን፣ ከጣውላ ጋር አያይዘን ቁልቁለት የወረድን ሰዎች ግን ትርጉሙን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ሁለት ቀለበት ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ። በመካከላቸው የብረት ብዮች ይሽከረከራሉ፤ ግራሶ ያረጥባቸዋል፤ ውኃና አቧራ እንዳይገባ በሁለቱም በኩል ስስ የጎማ ክዳን ይሸፍናቸዋል። ይኸው ነው።

ለብስክሌትም እንግዳ አይደለም። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ልጥራቸውና፣ በ1869 ጁል ሱሪሬ የተባለ የፓሪስ ብስክሌት ሠሪ ባለ ብይ ኩሽኔታ በስሙ አስመዘገበ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጄምስ ሙር የተባለ እንግሊዛዊ ይህ ኩሽኔታ በተገጠመለት ብስክሌት ከፓሪስ እስከ ሩዋን፣ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1883 ደግሞ በጀርመኗ ሽዋይንፈርት ከተማ ፍሪድሪሽ ፊሸር ብዮቹን እኩል አድርጎ የሚሞርድ ማሽን ሠራ፤ ኩሽኔታ በብዛትና በርካሽ መመረት የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ በመኪናው፣ በልብስ ማጠቢያው፣ በፋብሪካው ሁሉ ያለው ይህ ዕቃ በመጀመሪያ የተፈተነበት አንዱ ቦታ ብስክሌት ነበር።

ታዲያ የተራራ ብስክሌት ኩሽኔታ ለምን ቶሎ ይሞታል? ብዙ ሰው ብዙ ስለሚሽከረከር ይመስለዋል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚገድለው አለመሽከርከሩ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ የጎማው ሞዞ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ በደቂቃ ከ140 ጊዜ በላይ ይዞራል። ብዮቹ ቦታቸውን ይለዋወጣሉ፤ ግራሶው በየማዕዘኑ ይዳረሳል። የማጠፊያው ኩሽኔታ ግን ሙሉ ዙር ዞሮ አያውቅም። ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ብቻ ነው። ያው ብይ ያንኑ ቦታ በሙሉ የሰው ክብደት ዓመቱን ሙሉ ይቀጠቅጣል። ግራሶው ወደ ጎን ይገፋና አይመለስም፤ ብረት ከብረት ይገናኛል፤ ቀለበቱ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ የውኃ ጠብታ ከገባ ዝገቱ ሥራውን ይጨርሰዋል።

ለዚህ ነው ለማጠፊያ ተብለው የሚሠሩ ኩሽኔታዎች ያሉት። በተራው ኩሽኔታ ውስጥ ብዮቹን አራርቆ የሚይዝ ቀፎ አለ፤ በእነዚህ ውስጥ ግን ቀፎው ወጥቶ በቦታው ተጨማሪ ብይ ገብቷል። ፍጥነት አይችሉም፤ ማጠፊያ ግን ፍጥነት አያስፈልገውም፤ የሚፈልገው ሸክም የሚከፋፈል ብዙ ትከሻ ነው። ስለዚህ ሻጭ "ይህ እጅግ ፈጣን ነው፤ ደረጃው ከፍተኛ ነው" ብሎ ዋጋ ቢጨምርባችሁ ለማጠፊያ ምንም እንደማይጠቅም እወቁ።

በኩሽኔታው መሞት የምንኖርበት ቦታም የራሱ ድርሻ አለው። ቶሮንቶ የብዙ ሸለቆዎች ከተማ ናት፤ የዶን ወንዝ ምዕራባዊ ክንፍ በጂ ሮስ ሎርድ ፓርክና በአርል ቤልስ ፓርክ በኩል አድርጎ ኖርዝ ዮርክን አቋርጦ ይወርዳል። እነዚህ ሸለቆዎች ቤት ያልተሠራባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቅምት 1954 ሔዘል የተባለው አውሎ ነፋስ ባመጣው ጎርፍ በኦንታሪዮ 81 ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያ በኋላ የወንዝ ዳር መሬቶች ለመኖሪያ እንዳይውሉ ተደረጉ፤ ብዙዎቹም ፓርክ ሆኑ። ልጆቻችን ዛሬ በከተማ መሐል ጫካ ለጫካ የሚነዱት በዚያ ሐዘን ምክንያት ነው።

የሸለቆው አፈር ደግሞ ሸክላ ነው። ከ1889 ጀምሮ በዶን ሸለቆ የነበረው የጡብ ፋብሪካ ከዚህ አፈር ያወጣው ጡብ ካሳ ሎማንና ማሲ አዳራሽን የመሰሉ የከተማዋን ሕንፃዎች ገንብቷል። ለጡብ መልካም የሆነ አፈር ለኩሽኔታ ጠላት ነው። ደቃቅ ነው፤ ይጣበቃል፤ ከጎማ ክዳኑ ሥር ሾልኮ ይገባል። ከክሮዘርስ ዉድስ የጫካ መንገድ በዝናብ ማግስት የሚመለስ ብስክሌት ማጠፊያው ዙሪያ ምን እንደሚለጠፍበት ያየ ያውቀዋል። በዚያ ላይ የክረምቱ ጨው አለ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በየመንገዱ የሚበተነው ጨው በረዶውን ሲያቀልጥ ብረቱንም ይበላል። ይህን ፈርቶ ብስክሌቱን በመኪና ማጠቢያ ቤት በኃይለኛ የውኃ ግፊት የሚያጥብ ሰው አለ፤ እሱ የባሰ ነው። ያ ግፊት ጭቃውን ከውጭ ሲያወርድ ውኃውን ከክዳኑ አልፎ ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ባልዲ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ሳሙና፤ ከዚያ በጨርቅ ማድረቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ያ ብስክሌት ቤት የጠየቀው 480 ዶላር ከየት መጣ? ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አብራችሁኝ አስሉ። ስምንት ኩሽኔታ፣ ደህናው ዓይነት አንዱ 15 ዶላር እንበል፤ 120 ዶላር። ሥራው ሦስት ሰዓት፣ በሰዓት 100 ዶላር እንበል፤ 300 ዶላር። ድምሩ 420። የኦንታሪዮ የሽያጭ ታክስ 13 በመቶ ነው፤ 54 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይጨመራል። ጠቅላላ 474 ዶላር ከ60። እንግዲህ የተጠየቀው ዋጋ ከአየር የመጣ አይደለም። ከታክስ በፊት ካለው ገንዘብ ግን የኩሽኔታው ድርሻ ከሩብ ትንሽ በለጥ ቢል ነው። የቀረው የሰው እጅና የሰው ሰዓት ነው።

ሦስት ሰዓት ለምን? ጎማው ይወጣል፤ ካቴናው ይፈታል፤ ፔዳሉ የተሰካበት ክንድ ይወርዳል፤ አሞርዛተሩ ይነሳል፤ የፍሬኑ ቱቦ ይለቀቃል። ከዚያ የማጠፊያዎቹ ብሎኖች አሉ። ዝገው የተጣበቁ ከሆነ አንዱ ብሎን ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይበላል። ኩሽኔታው ከቴላዮው ውስጥ በመሳቢያ ይወጣል እንጂ በመዶሻ አይደበደብም፤ አዲሱ በቀጥታ እየተጫነ ይገባል፤ በመጨረሻ እያንዳንዱ ብሎን በመለኪያ ቁልፍ አምራቹ በወሰነው ልክ ይጠብቃል። ይህን በትክክል የሚሠራ ሜካኒክ ዋጋው ይገባዋል፤ ይህን ለማለት አልሳሳም። በችኮላ የገባ ኩሽኔታ ጠምሞ ሲገባ የተቀመጠበትን ጉድጓድ ይፍቀዋል፤ ጉድጓዱ ከሰፋ ቴላዮው ራሱ ነው የተበላሸው። ያን ጊዜ የምናወራው ስለ ቴላዮ ዋጋ ይሆናል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ለልጁ ማንም አሞርዛተሩን ፈትቶ አላሳየውም። ድምፁን ሰሙ፣ ዋጋውን ነገሩት፣ አለቀ። ሲጥ ሲጥ የሚል ብስክሌት ሁሉ ኩሽኔታው አልቋል ማለት አይደለም። የኮርቻው ዘንግ ሲደርቅ ይጮኻል፤ ፔዳል ሲላላ ይጮኻል። በተለይ አሞርዛተሩ ከቴላዮው ጋር የሚያያዝባቸው ትንንሽ ቀለበቶች ሲያልቁ ልክ እንደ ማጠፊያ ኩሽኔታ ከኋላ ይንኳኳሉ፤ እነሱን መቀየር ግን ከዚያ ሁሉ ሥራ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስለዚህ ዋጋ ከመስማታችሁ በፊት ሁለት ምርመራ አድርጉ። አንደኛው ቁልፍም አይፈልግም። ብስክሌቱን በሁለት ጎማው አቁሙት፤ ኮርቻውን ያዙና ወደ ላይ በጣም ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። የኋላው ጎማ ከመሬት ከመላቀቁ በፊት ቀጭ የሚል ክፍተት በእጃችሁ ከተሰማችሁ አንድ ቦታ ላልቷል ማለት ነው። አሁን አንድ ሰው ያንሳ፣ ሌላው ጣቱን በየማጠፊያውና በአሞርዛተሩ ጫፎች ላይ እያሳረፈ ይዳስስ። የላላው ቦታ ጣት ሥር ይንቀሳቀሳል።

ሁለተኛው ምርመራ አንድ አለን ኪ ይፈልጋል። የአሞርዛተሩን አንድ ጫፍ ፈትታችሁ አውጡት፤ የኋላውን ክፍል በእጃችሁ እስከ ላይ አንስታችሁ ወደ ታች መልሱት። እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ከወረደ ኩሽኔታዎቹ ደህና ናቸው። ከተንገራገጨ፣ ከፈጨ ወይም መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ የሜካኒኩ ቃል እውነት ነው።

የእትዬን ልጅ ብስክሌት በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት አቆምነው። አሞርዛተሩን ፈታንና የኋላውን ክፍል አነሳነው፤ እንደተነሳ ቀረ። ልጁ ለቀቀው፣ አልወረደም፤ አየር ላይ ቆመ። እናትየው ከመወጣጫው ላይ ቆመው፣ "ወይ ጉድ! ደርቋል ማለት ነው?" አሉ። ደርቋል። ዋናውን ማጠፊያ፣ ከፔዳሉ በላይ ያለውን፣ ስንፈታው ከውስጡ እንደ ጠላ አተላ የወፈረ ቡናማ ውኃ ጠብ አለ። ሁለቱ የታችኞቹ ኩሽኔታዎች በጣት አልዞር አሉ። ሦስተኛው፣ ካቴናው አጠገብ ያለው፣ ይፈጫል፤ በመግቢያችን የሰማችሁት እሱ ነው። የቀሩት አምስቱ ግን ደህና ነበሩ።

እዚህ ላይ የእኔን ፍርድ ልስጥ። ባለሙያ ከፍላችሁ ካስፈታችሁ ሁሉንም ስምንቱን አስቀይሩ፤ የምትከፍሉት ለማስፈታቱ ስለሆነ ከስድስት ወር በኋላ ለቀሩት ዳግም መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው። ራሳችሁ ከፈታችሁ ግን ደህናውን አትንኩት። ተስቦ የወጣ ኩሽኔታ ውስጡ በብዮቹ ተመትቷልና መልሶ መግጠም አይገባም። በተቀመጠበት ቦታ እንዳለ የጎማ ክዳኑን በስስ መርፌ ጫፍ አንሱ፤ አሮጌውን ግራሶ ጠርጋችሁ አዲስ ሙሉት፤ ክዳኑን መልሱ። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

በሦስቱ ምትክ አዲስ ለመግዛት በክዳኑ ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አየን። ይህን ቁጥር ማንበብ ታውቁ ዘንድ እፈልጋለሁ። ለምሳሌ 6902 የሚል ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳው 15 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 28፣ ውፍረቱ 7 ነው፤ ቶሮንቶም ሆነ ባሕር ዳር ያው ነው። ከኋላው 2አርኤስ የሚል ከተጨመረ በሁለቱም በኩል የጎማ ክዳን አለው ማለት ነው። ስለዚህ የብስክሌቱ አምራች ስሙን ለጥፎ የሚሸጠውን ሙሉ ጥቅል ብቻ ለመግዛት አትገደዱም፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ኩሽኔታ ሻጭ ዘንድ መሄድ ትችላላችሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ አንዳንዶቹ የውስጥ ቀለበታቸው ወደ ጎን ረዘም ያለ ልዩ ሥሪት ናቸውና አሮጌውን በመለኪያ ሳትለኩ አትግዙ።

ሦስቱ ኩሽኔታዎች እያንዳንዳቸው 18 ዶላር ነበሩ፤ ከነታክሱ 61 ዶላር ከ2 ሳንቲም። መጫኛ መሣሪያ አልገዛንም። ከዕቃ መደብር ጥርስ ያለው ረጅም ዘንግ፣ ሁለት ዳዶና ወፋፍራም ሮንዴላዎች ወሰድን፤ ከግራሶው ጋር 25 ዶላር ገደማ። አዲሶቹን ኩሽኔታዎች ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርናቸው፤ ብረት ሲቀዘቅዝ በጥቂቱ ይሰበሰባል፤ ያቺ ጥቂት ታግዛለች። ጠዋት ዘንጉን በኩሽኔታውና በቴላዮው ቀዳዳ አሳልፈን፣ ሮንዴላው የውጭውን ቀለበት ብቻ እንዲጫን አድርገን፣ ዳዶውን ሩብ ሩብ ዙር አጠበቅን። የውስጡን ቀለበት ከተጫናችሁት አዲሱን ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ገደላችሁት። ገብቶ ሲያርፍ ድምፁ ይለወጣል፤ ልጁ ከእኔ ቀድሞ ሰማው።

ጠቅላላው 86 ዶላር ገደማና ሁለት ምሽት ወሰደ። ይህን ስል ሁላችሁም ፍቱ ማለቴ አይደለም። ቴላዮው ካርቦን ከሆነ፣ ወይም የብሎን ጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ፣ ለባለሙያ ስጡ። ማጠፊያ የሚላላው ቁልቁለት ላይ ነውና በዚህ ቀልድ የለም።

ለባለሙያ ስትሰጡ ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ብስክሌቱን በአዲስነቱ የገዛችሁት እናንተ ከሆናችሁ የአምራቹን ዋስትና አንብቡ። ሳንታ ክሩዝን የመሰለ አምራች ለመጀመሪያው ባለቤት የማጠፊያ ኩሽኔታዎችን ዕድሜ ልክ በነፃ ይተካል፤ የእጅ ሥራውን ማን እንደሚከፍል ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ግምቱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ስንት ኩሽኔታ፣ ምን ቁጥር፣ ስንት ሰዓት የሚለው ተዘርዝሮ ይጻፍ። በ2002 የወጣው የኦንታሪዮ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ በስምምነቱ ውስጥ የዋጋ ግምት ካለ ድርጅቱ ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ አስበልጦ ማስከፈል እንደማይችል ይደነግጋል። 400 የተባለ ሥራ እናንተ ሳትስማሙ 500 ሊሆን አይችልም። ይህን ሕግ ብዙ ወገኖቻችን አያውቁትም፤ ቋንቋው አሳፍሮ ዝም የሚያሰኘውም አለ። በአፍ የተነገረ ዋጋ ግን ያከራክራልና ወረቀቱን ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አድማጮቼ፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ብስክሌት ካለ ከዚህ ዝግጅት በኋላ ልጁን ጥሩትና አብራችሁ ወደ ብስክሌቱ ሂዱ። እናንተ ኮርቻውን ያዙ፣ እሱ ጣቱን በማጠፊያው ላይ ያሳርፍ፤ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። የተሰማችሁን ደውላችሁ ንገሩኝ።